የበር ጎማ ሲጥ ሲጥ ሲል፦ ከመቀባት በፊት ቦታውን መያዝ

ጥያቄ፦ መኪናዬ ባለ አራት በር ናት። አስፋልት ላይ ፀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ኮረኮንች ላይ ወይም ጉብታ በዝግታ ስሻገር ግን በግራ በኩል፣ ልክ ጆሮዬ ሥር፣ ሲጥ ሲጥ ትላለች። ጠዋት ጠዋት ይብስባታል። ጋራዥ ወስጃት ሾክ አብዞርቨር ተቀየረላት፤ ድምፁ ግን እንዳለ ነው። ጓደኛዬ «የበር ጎማው ነው» ብሎ የሞተር ዘይት በጨርቅ ቀባልኝ። ለጥቂት ቀን ጠፋ፤ ከዚያ ተመለሰ፤ አሁን እንዲያውም ጨምሯል። ጎማውን ላስቀይረው ወይስ ሌላ መላ አለ?

መልስ፦ ለመቀየር አይቸኩሉ። ጓደኛዎ ቦታውን የሳተ አይመስለኝም። የሳተው የቀባውን ነገር ነው። ድምፁ ለጥቂት ቀን መጥፋቱ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው። ችግሩ ከሾክ አብዞርቨር ቢሆን ኖሮ በር ላይ ዘይት ስለተቀባ ዝም አይልም ነበር።

መጀመሪያ ድምፁ እንዴት እንደሚፈጠር ልንገርዎት። ይህን ካወቁ የቀረውን ግማሹን ራስዎ ይደርሱበታል።

መኪና ከውጭ ሲያዩት አንድ ድፍን ብረት ይመስላል። ግን ይጠማዘዛል። አንዱ እግር ጉብታ ላይ ወጥቶ ሌላው ታች ሲቀር ቦዲው በትንሹ ይዞራል። በሩ የሚገባበት ክፈፍም ለቅጽበት ይዛነፋል። በሩ ደግሞ በማጠፊያዎቹና በመቆለፊያው ተይዞ የራሱን ቅርጽ ይዞ ይቆያል። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ፈቀቅታ በጣም ትንሽ ነው፤ በዓይን አይታይም። ያቺን ፈቀቅታ የሚቀበለው መሀል ላይ ተጨምቆ የተቀመጠው ጎማ ነው።

ጎማው ንጹሕና ለስላሳ ከሆነ ቀለሙ ላይ ሸርተት ይላል፤ ድምፅ የለም። ገጹ ከደረቀ ወይም ሙጭጭ ካለ ግን አይንሸራተትም። ቀለሙን ይይዝና ይለጠጣል። አልችል ሲል ይለቃል። ወዲያው መልሶ ይይዛል። ይህ መያዝና መልቀቅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ነው «ሲጥ» የሚለው። ማሲንቆ የሚጮኸውም በዚሁ ነው፤ የደጋኑ ጭራ ሙጫ የሚቀባው ክሩን ያዝ ለቀቅ እንዲያደርግ ነው። በር ላይ ግን ሙጫውን የሚሠሩልን አቧራና ያረጀ ዘይት ናቸው፤ ማንም ሳያዝዛቸው።

በዝግታ ሲሄዱ የሚብሰውም ለዚህ ነው። እንቅስቃሴው ቀስ ሲል ጎማው ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። ሲፈጥኑ ደግሞ የንፋሱና የመንገዱ ድምፅ ይውጠዋል። ጠዋት ላይ የሚብሰው ጎማው ሌሊቱን ሙሉ ቀለሙ ላይ ተጨምቆ ስላደረና ብርዱም ጠንከር ስለሚያደርገው ነው። ቀን ሲሞቅ ለዘብ ይላል።

አሁን ወደ ሞተር ዘይቱ። የአብዛኞቹ መኪናዎች የበር ጎማ ኢፒዲኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ነው። ጠንካራ ነገር ነው። ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ኦዞን ብዙም አይበግሩትም። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስም፣ ከ100 ዲግሪ በላይም ሥራውን አያቆምም። አንድ ነገር ግን አይወድም፤ የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት። የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ ተራ ግራሶ፣ ሌላው ቀርቶ ቫዝሊን ወደ ውስጡ ይሰርጋሉ። ያሳብጡታል፤ ቀስ በቀስም ያልፈሰፍሱታል። ገጹ ላይ የቀረው ዘይት ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ያስደስታል፤ ከዚያ ጭቃ ሆኖ እንደገና መያዝ ይጀምራል። በእርስዎ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ስለተቀባ ጎማው አልቆለታል ማለት አይደለም። ዘይቱ በቶሎ ከታጠበ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።

ሌላም ነገር አለ። ጎማው ከፋብሪካ ሲወጣ ገጹ ላይ እንዲያንሸራትት ተብሎ የተቀባ ስስ ሽፋን ይኖረዋል። ከዓመታት በኋላ ይህ ሽፋን እየተፋቀ ያልቃል። ኃይለኛ የቅባት ማስለቀቂያ ሲነካው ደግሞ ቶሎ ይሄዳል። «መኪናዬን ከጥግ እስከ ጥግ ካሳጠብኳት ወዲህ መጮህ ጀመረች» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይሳቁበት፤ እውነቱን ነው።

ቦታውን ስለመያዝ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ ይሰማል፤ የስፕሬይ ቆርቆሮውን ያነሳል፤ አራቱንም በር ይረጫል። ከጠፋ የትኛው እንደነበር አያውቅም። ካልጠፋ ደግሞ ምን እንደቀረው አያውቅም። መኪና ውስጥ ድምፅ ያታልላል። ከኋላ በር የተነሳ ድምፅ በሁለቱ በሮች መካከል ባለው ምሰሶና በጣሪያው በኩል ተጉዞ የሾፌሩ ጆሮ ሥር ይሰማል። ስለዚህ «ከጆሮዬ ሥር ነው» ማለትዎን አምናለሁ፤ ግን አልፈርድበትም።

አንድ ሰው አብሮዎት ይሁን። ድምፁ በሚሰማበት መንገድ ላይ እርስዎ በዝግታ ይንዱ፤ ሬዲዮውና ማራገቢያው ይጥፋ። ሁለተኛው ሰው ከኋላ ይቀመጥና ድምፁ ሲመጣ የኋላውን በር የላይኛውን ጫፍ በመዳፉ ወደ ውጭ ይግፋ። ከዚያ ደግሞ መያዣውን ወደ ውስጥ ይሳብ፤ መክፈቻውን ሳይነካ። ከዚያ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ሆኖ የፊቱን በር ክፈፍ እንዲሁ ይሞክር። በመግፋት ወይም በመሳብ ድምፁ ከተቀየረ በሩን አግኝተዋል። ሾፌሩ ራሱ ይህን አይሞክር፤ እጅ መሪ ላይ ነው የሚያስፈልገው።

መንገድ ላይ መሞከር ካልተመቸዎት መኪናውን ያቁሙና አንዱን የፊት እግር ጠርዝ ያለው ነገር ላይ ያውጡት፤ ቦዲው ትንሽ እንዲጠማዘዝ ነው። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ሞተር ይጥፋ። አንዱ ሰው ከውጭ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ይዞ መኪናውን ይወዝውዝ፤ ሌላው ውስጥ ሆኖ ጆሮውን ወደ በሩ ጠጋ ያድርግ። ሁልጊዜ አይሳካም። ሲሳካ ግን ድምፁ ከየትኛው ጥግ እንደሚነሳ በጣት ያሳይዎታል።

እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው የወረቀት ፕላስተር ነው፤ ቀለም ቀቢዎች ጠርዝ የሚከልሉበትን ማለቴ ነው። በሩን ከፍተው ጎማው የሚያርፍበትን የቀለም ገጽ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጥቁር መስመር ወይም የደበዘዘ ጭረት ይታይበታል፤ ጎማው ለዓመታት ሲያሸው የኖረበት ነው። በዚያ መስመር ላይ ፕላስተሩን ይለጥፉ። ፕላስተሩ ላይ ጎማው እንደ ቀለሙ አይጣበቅም። መጀመሪያ የአንድ በር ዙሪያ በሙሉ ይለጥፉና ይንዱ። ድምፁ ከጠፋ የታችኛውን ግማሽ ይላጡና እንደገና ይንዱ። እንዲህ ግማሽ ግማሹን እያነሱ ሲሄዱ የሚጮኸው ቦታ አንድ ስንዝር ላይ ይደርሳል። ልምዴ እንደሚለው ብዙውን ጊዜ የላይኛው የኋላ ጥግ ነው፤ በመስታወቱ ክፈፍና በመሀለኛው ምሰሶ መገናኛ። ፕላስተሩን ፀሐይ ላይ ለቀናት አይተዉት፤ ማጣበቂያው ይቀራል።

ፕላስተር ከሌለ ሳሙና ያለው ውሃ በጨርቅ አስነክተው ጎማውን ያርጥቡና ወዲያው ይንዱ። ለጊዜው ያንሸራትታል። ድምፁ ከጠፋና ሲደርቅ ከተመለሰ ጥፋተኛው ጎማው ነው። ይህ ምርመራ እንጂ ጥገና አይደለም።

ጎማ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

በሩ ላይ ሌሎች የሚጮኹ ነገሮችም አሉ። ዋነኛው ቦዲው ላይ ያለው፣ መቆለፊያው የሚነክሰው የብረት ቀለበት ነው። በሩ ሲዘጋ መቆለፊያው እዚህ ቀለበት ላይ ይጠመጠማል። ሁለቱ ሲደርቁ ወይም በመሀላቸው ያለው ፕላስቲክ ሲበላ «ቂጭ» ወይም «ጠቅ» የሚል ድምፅ ያወጣሉ። ከጎማው ሲጥታ ይልቅ አጠር ያለና ደረቅ ነው። ቀለበቱን አንድ ዙር ስስ የጨርቅ ፕላስተር ጠቅልለው ይንዱ። በሩ በትክክል መዘጋቱን መጀመሪያ ቆመው ያረጋግጡ። ድምፁ ከጠፋ ፕላስተሩን አንስተው ቀለበቱን ይጥረጉና ትንሽ ግራሶ ያስነኩት። እዚህ ብረት ነው፤ ተራ ግራሶም ይሆናል። ጎማው ላይ እንዳይደርስ ብቻ ይጠንቀቁ።

በሩ ጠርዝ ላይ ክብ ክብ የሆኑ ትናንሽ የጎማ ማረፊያዎችም አሉ። በሩ ሲዘጋ ቦዲውን የሚመቱት እነሱ ናቸው። ሲደርቁ ልክ እንደ ዙሪያው ጎማ ይጮኻሉ፤ ማንም ግን አያያቸውም። ዙሪያውን ሁሉ ቀብተው ድምፁ ካልጠፋ መጀመሪያ እነሱን ይመልከቱ።

መስታወቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገው ይንዱ። ድምፁ ከተቀየረ ነገሩ መስታወቱ የሚሄድበት ቦይ ነው። ከውስጥ የበሩን ሽፋን በመዳፍ ሲጫኑት የሚቀየር ከሆነ ደግሞ የፕላስቲክ መያዣዎቹ ላልተዋል ማለት ነው። የመቀመጫ ቀበቶ ማንጠልጠያም ምሰሶው ላይ ተኝቶ ይንኳኳል፤ እሱን በእጅ ይዞ መሞከር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማጠፊያዎቹ ግን በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ እንጂ በጉዞ ላይ እምብዛም አይጮኹም። በሩን ሲከፍቱ ከጮኸ ሌላ ጉዳይ ነው።

ማጠቡ ነው ሥራው

ቦታው ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ሥራ አብዛኛው እጥበት ነው። መቀባቱ አምስት ደቂቃ ነው። ሰው ግን የሚወደው መቀባቱን ነው።

ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ለስላሳ የመኪና ሻምፑ፣ ሁለት ስስ ጨርቅ። አንዱን ጨርቅ በውሃው ነክረው ይጭመቁት። ጎማውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይያዙትና ከላይ ወደ ታች ይሂዱ። ከንፈር ያለው ከሆነ ከንፈሩን ገልጠው ውስጡን ይጥረጉ፤ አሸዋው የሚደበቀው እዚያ ነው። ጨርቁ ሲጠቁር ያጥቡት። ጥቂት ጥቁር ነገር ሁልጊዜ ይወጣል፤ ጎማው ውስጥ ያለው ጥቁር ካርቦን ነው። የሚፈልጉት ቡናማው አቧራና የሚያሟልጨው ቅባት እንዲጠፋ ነው። በጣትዎ ሲዳስሱት ደረቅና ልሙጥ መሆን አለበት። ሙጭጭ ካለ ገና ነው።

የእርስዎ ጎማ ዘይት ስለጠጣ አንድ ጊዜ አይበቃውም። ሁለቴ ሦስቴ ያጥቡት። ከዚያም ቅባት የሚሰማ ከሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጨርቅ ላይ ጠብ አድርገው ቶሎ ቶሎ ይጥረጉት። አልኮል ይህን ዓይነቱን ጎማ አይጎዳውም። ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን ግን አይሞክሩ። ቤንዚንና ቲነር ለጎማው፣ አሴቶን ደግሞ ለቀለሙ ጦስ ናቸው።

ጎማውን ሲያዩ ሁለት ነገር ያስተውሉ። ባዶው ለስላሳ ክፍል ላይ እዚህም እዚያም ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። በሩ ሲዘጋ አየር የሚወጣባቸው ናቸው፤ በግራሶ አይድፈኗቸው። ሁለተኛ፣ ቦዲውን የሚነክሰው ክፍል ውስጥ የብረት አጥንት አለ። ጎማው ከቦታው ወጣ ካለ በመዳፍ ወይም በጎማ መዶሻ ቀስ ብለው ይመልሱት። አንዳንዴ ችግሩ ሁሉ ይኸው ይሆናል፤ ትንሽ የተነቀለ ጎማ ሲወዛወዝ ይጮኻል።

አሁን ማንም የማይነካው ነገር። ጎማው የሚያርፍበትን ቀለም ያጥቡት። ያ ጥቁር መስመር የጎማ ቅሪት፣ አቧራና ያረጀ ቅባት ነው። ጎማውን ብቻ አጽድተው ያንን ቢተዉት በሚቀጥለው ቀን ያው ነገር ይመለሳል፤ የሚነካካው ሁለት ገጽ ነውና። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ የመኪና ሰም ስስ አድርገው ይቀቡትና ይወልውሉት። እውነቱን ለመናገር ቀላል ድምፅ ከሆነ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ጎማው ላይ ምንም ሳይቀባ።

ሁሉም ነገር በደንብ እስኪደርቅ በሩ ተከፍቶ ይቆይ፤ ጥላ ሥር ቢሆን ይመረጣል። የታችኛው ጎማ ሥር ውሃ ስለሚቀር እሱን በደረቅ ጨርቅ ይምጠጡት። በዚያው በሩ ከታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይመልከቱ፤ ጭቃ ከደፈናቸው ይክፈቷቸው።

ምን ይቀባ?

የሲሊኮን ግራሶ። ለእርስዎ ጉዳይ የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። ኢፒዲኤምን አያሳብጥም፤ ሙቀት ላይ አይፈስም፤ ውሃ ቶሎ አያጥበውም። ሺን-ኤትሱ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለበር ጎማ የሚሠራው ግራሶ በመኪና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ሆንዳ በራሱ መለዋወጫ ዝርዝር ውስጥ ያቀርበዋል። ሌላ ስም ያለውም ይሆናል፤ ዋናው ነገር ንጹሕ የሲሊኮን ግራሶ መሆኑ ነው። ለኤሌክትሪክ ሶኬት የሚሸጠው የሲሊኮን ግራሶም ያገለግላል።

የሲሊኮን ስፕሬይ ይፈጥናል፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ደግሞም ቆርቆሮው ላይ «ሲሊኮን» ስለተጻፈ ብቻ አይመኑት። አንዳንዱ ሲሊኮኑን የሚያሟሟው በነዳጅ ዘር ፈሳሽ ነው። «ለጎማ የማይጎዳ» የሚል ጽሑፍ ያለውን ይፈልጉ። በቀጥታ ጎማው ላይ አይርጩ፤ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ላይ ረጭተው ይቀቡ። ሲሊኮን የፊት መስታወት ላይ ከደረሰ በዝናብ ጊዜ መጥረጊያው ያደበዝዘዋል። ፔዳል ላይ ከደረሰ እግር ያንሸራትታል። ፍሬን ዲስክ ላይ ከደረሰማ አይነሳ። ደግሞ በቅርቡ ቀለም ለማስቀባት ያሰቡ ከሆነ ሲሊኮኑን ያቆዩት፤ ቀቢውም ተቀብቶ እንደነበር ይወቅ። ሲሊኮን በነካው ቦታ ላይ አዲስ ቀለም አይዝም፤ ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች እየሠራ ይሸሻል።

ክራይቶክስ የሚባለው የፍሎሪን ዘይትም አለ። ከምንም ነገር ጋር አይጣላም፤ ጎማውንም አይነካም፤ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ውድ ነው። ሲሊኮን ተቀብቶ በተደጋጋሚ ለሚመለስ ግትር ድምፅ፣ በተለይም ክፈፍ የሌለው መስታወት ላላቸው በሮች፣ እሱን እመርጣለሁ። ለሌላው ሰው ቅንጦት ነው።

የተለመደው ደብሊውዲ 40 ለዛገ ቡሎን ግሩም ነው። ለጎማ ግን አይደለም፤ አብዛኛው ነገሩ የነዳጅ ዘር ነው። ያው ኩባንያ ሲሊኮን ያለበት ሌላ ቆርቆሮ ስላለው ሁለቱን አያምታቱ። የሕፃናት ፓውደር ደረቅ አየር ላይ ለጊዜው ይሠራል። እርጥበት ሲያገኝ ሊጥ ይሆንና ጎማው ላይ ይጋገራል። ግሊሰሪን ጎማውን አይጎዳም፤ ዝናብ ግን ይዞት ይሄዳል። የዳሽቦርድ ማብረቂያ ይተው። የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ የሚያንሸራትት አይደለም።

አቀባቡ ቀላል ነው። የጥፍርዎን ግማሽ የምታክል ግራሶ ጣትዎ ላይ ይያዙና ጎማው ላይ እያሹ ይዝለቁ። ነጭ ሆኖ የሚታይ ነገር መኖር የለበትም። ጎማው ትንሽ ጠቆር ማለት ብቻ ነው ያለበት። አንድ ሰዓት ያህል በሩን ክፍት አድርገው ይተዉት። ከዚያ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ሁሉንም ይጥረጉት። አዎ፣ ሁሉንም። የሚያስፈልገው ሰርጎ የቀረው ነው፤ ከላይ የተረፈው አቧራ ይጠራል፣ ልብስም ያበላሻል። ነጭ ሶፍት ሲያሳርፉበት ምንም ካልያዘ ልክ ነው።

የመስታወቱ ቦይ ሌላ ነው። ውስጡ ብዙ ጊዜ እንደ ከፋይ ያለ ፀጉራም ሽፋን አለው። እዚያ ግራሶ አይግባ፤ መስታወቱን ባወረዱና በሰቀሉ ቁጥር ያጨቀየዋል። ቦዩን በቀጭን ብሩሽ ያጽዱትና ሲደርቅ ዱካ የማይተው ደረቅ የቴፍሎን ስፕሬይ ጥቂት ያስነኩት።

ተቀብቶም ካልጠፋ

እዚህ ላይ የጎማው ግፊት ይታያል። አንድ ስስ ወረቀት በጎማውና በቦዲው መካከል አድርገው በሩን ይዝጉበት፤ ከዚያ ወረቀቱን ይሳቡ። ያዝ እያደረገ መውጣት አለበት። ያለ ምንም ችግር ከወጣ ጎማው እዚያ ቦታ ላይ አይደርስም። ጨርሶ አልወጣም ካለ ደግሞ ከመጠን በላይ ተጨምቋል። በዙሪያው አሥር ቦታ ያህል ይሞክሩና ያወዳድሩ። ዋናው የእያንዳንዱ ቦታ ጥንካሬ ሳይሆን ልዩነቱ ነው።

ግፊቱ ከተዛባ ከማስተካከልዎ በፊት በሩን ግማሽ ከፍተው ጫፉን ወደ ላይ ያንሱት። ወዲያ ወዲህ ካለ ማጠፊያው በልቷል። ማጠፊያው በልቶ ሳለ ቀለበቱን ማስተካከል ችግሩን መሸፈን ነው፤ መጀመሪያ ማጠፊያው ይሠራ። ማጠፊያው ደህና ከሆነ የቀለበቱን ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩ፤ የነበረበት ቦታ እንዳይጠፋብዎት። ቡሎኖቹን ቀለበቱ በጭንቅ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ብቻ ያላሉ። ወደ ውስጥ ሲገፉት በሩ ይጠብቃል፤ ወደ ውጭ ሲያመጡት ይላላል። በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም። አጥብቀው ይዝጉና ያስተውሉ። በሩ ከጎረቤቱ በር ጋር እኩል መሆን አለበት። መቆለፊያው ሁለት ጊዜ ጠቅ ማለት አለበት፤ አንዴ ብቻ ካለ በሩ በግማሽ ነው የተዘጋው፤ እንዲህ ሆኖ አይነዳም። ይህ ቀለበት በግጭት ጊዜ በሩን የሚይዝ ነው። በእጅዎ የማይተማመኑ ከሆነ ለመካኒክ ይስጡት፤ ምንም ነውር የለውም።

አንዳንዶች ባዶው ጎማ ውስጥ ገመድ ወይም ስፖንጅ አስገብተው ያሳብጡታል። እኔ አልወደውም። በሩ በኃይል ካልሆነ አይዘጋም፤ የሚያሸው ግፊትም ስለሚጨምር ድምፁ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

የሚቀየረው መቼ ነው? ሲቀደድ። የብረት አጥንቱ ሲታይ። በጥፍር ሲጫኑት እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ሲገኝ። ወይም በሩ ተከፍቶ ለሰዓታት ቆይቶም የተጨመቀበት ቦታ ጠፍጣፋ እንደሆነ ከቀረ። በዘይት ያበጠና በጣት ሲሹት የሚላላጥ ከሆነም ይቀየር። አዲሱን ሲያስገቡ አይሳቡት። ተስቦ የገባ ጎማ ቆይቶ ይሰበሰብና ጥጎቹ ላይ ይነሳል። ከጥጎቹ ይጀምሩ፤ ቅርጽ ያላቸው እነሱ ናቸው። ከዚያ ቀጥተኛውን ክፍል ያስገቡ። አዲስ ጎማ ባለው በር ለተወሰነ ጊዜ መዝጋት ይከብዳል። እስኪለምድ ነው፤ ቀለበቱን ለማላላት አይቸኩሉ።

ለእርስዎ መኪና የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። የግራውን የኋላ በር ከፊቱ ቀድመው በፕላስተር ይሞክሩት፤ ድምፁ ጆሮዎ ሥር ቢሰማም ከዚያ ሊነሳ ይችላል። ጥፋተኛው በር ከታወቀ ሞተር ዘይት የነካውን ጎማ ሁሉ፣ የማይጮኸውንም ጭምር፣ አጥበው ያድርቁ። ቀለሙን ሰም ይቀቡ። ከዚያ ለሁለት ቀን ምንም ሳይቀቡ ይንዱ። ድምፁ ከቀረ ግራሶው አያስፈልግዎትም። ካለ ግራሶውን ይቀቡ። አቧራማ መንገድ የሚበዛብዎት ከሆነ በየሦስት ወሩ፣ ካልሆነ በዓመት ሁለቴ ይድገሙት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ከእጥበቱ ጋር። ሁለቱም የግራ በሮች ዙሪያቸው በፕላስተር ተለጥፎ ሳለ ድምፁ እንዳለ ከሆነ ግን ጎማውን ይተዉትና ወደ ቀለበቱ፣ ወደ ማረፊያዎቹና ወደ ምሰሶው ሽፋን ይሂዱ። ያኔ የትኛውን ነክተው ምን እንደተቀየረ ይጻፉልኝ።